4ጂ እያለ ስልክ አልደውል ሲል

ቴሌግራም ይሠራል፣ ዩቲዩብም ይከፍታል። ስትደውሉ ግን ጸጥ ብሎ ይቆይና ዘግይቶ ይጠራል። ሲም ካርድ ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት እስቲ ደውሉና፣ እየጠራ ሳለ ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን የኔትወርክ ምልክት እዩ።

4ጂው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ። 4ጂ የተሠራው ለዳታ ነው፤ እንደ ድሮው ለአንድ ጥሪ ተለይቶ የሚያዝ የድምፅ መስመር የለውም። ድምፁም በዳታው ላይ ተከፋፍሎ እንዲሄድ ቮልቲ (VoLTE) የሚባለው አገልግሎት ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ስልኩ ለመደወል ሲል ወደ አሮጌው ኔትወርክ ይወርዳል። ሰዓቱን የሚበላው ይሄ ነው። 2ጂ ላይ ካረፈ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥሪው እስኪያበቃ ኢንተርኔቱም ይቆማል።

መጀመሪያ ሴቲንግ ግቡ። ሳምሰንግ ላይ ኮኔክሽንስ፣ ከዚያ ሞባይል ኔትወርክስ ውስጥ የቮልቲን ማብሪያ ታገኛላችሁ። አብሩትና ስልኩን አጥፍታችሁ አስነሱት። ማብሪያው ጭራሽ ከሌለ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ። ያም ካልሠራ የቴሌኮም ድርጅቱን ጠይቁ፤ ስልኩ ቮልቲ ቢኖረውም ድርጅቱ ሞዴሉን ካልፈቀደ አይሠራም።

ከአገር ቤት ይዛችሁት የሄዳችሁት ስልክ አሜሪካ ውስጥ ኢንተርኔት እየሠራ አልደውል ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። የአሜሪካው ቴሌኮም ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂውን በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዘጋ፤ ሌላው ቴሌኮም ቬራይዘን በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለ። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ስልኩ የሚወርድበት ኔትወርክ የለም። ዋትሳፕ ይበቃኛል ብላችሁ እንዳትተዉት፤ በችግር ሰዓት የአሜሪካ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 911 መደወልም ሊያቅታችሁ ይችላል። ለወላጅ ስልክ የምትገዙም ሆነ ይዛችሁ የምትጓዙ፣ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) በምትጠቀሙት ቴሌኮም ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጥሪው ቤት ውስጥ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ የ4ጂው ሲግናል ደክሞ ይሆናል። ዋይፋይ ካለና ድርጅቱ ከፈቀደ ዋይፋይ ኮሊንግን (ጥሪውን በዋይፋይ የሚያስኬደውን) አብሩ።

ቮልቲው በርቶ ድምፁ አሁንም የታፈነ ከሆነስ? ሌላ ሰው ጋ ደውላችሁ ሞክሩ። ጥርት ያለው የስልክ ድምፅ ከ50 እስከ 7000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ይይዛል፤ የድሮው ከ300 እስከ 3400 ብቻ ነው። ጥራቱ የሚመጣው የሁለቱም ወገን ስልክና ኔትወርክ ሲችሉት ነው። የአንዱ ሰው ድምፅ ብቻ ከታፈነ፣ መጀመሪያ ሴቲንጉ መታየት ያለበት የእሱ ስልክ ነው።