ባለአደራ መንግሥት ተሰየመ ሲባል ቀድሞ የሚጠየቀው

«የእገሌ አገር ፓርላማ ተበተነ፤ ባለአደራ መንግሥት ተሰየመ።» ይህ ዜና በሬዲዮ ሲሰማ እኛ ሠፈር፣ ደሴ፣ ቡና ላይ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። ማን ተቀመጠ? ደግ ነው ክፉ? የማን ወገን ነው? እኔ ሥነ ዜጋ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆዩት እላለሁ። ቀድሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሰውዬው ምን ላይ መፈረም ይችላል? እስከ መቼስ?

መጀመሪያ ግን የምታወሩት ስለ ባለአደራ መሆኑን አጣሩ። ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. የነበረው የሽግግር መንግሥት ባለአደራ አልነበረም። እሱ አዲስ ሥርዓት ሊተክል የመጣ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም የተረቀቀው በእሱ ጊዜ ነው። ባለአደራው ሕገ መንግሥቱ ባለበት ቆሞ፣ አንዱ ፓርላማ ተበትኖ ሌላው እስኪመረጥ ያለችውን ክፍተት የሚሸፍን ነው።

ይህ ከተለየ ሕገ መንግሥቱን አውጡና አንቀጽ 60ን ግለጡ። አምስት ንዑስ አንቀጽ ብቻ ናት፤ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ታልቃለች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሳያልቅ አዲስ ምርጫ ከፈለገ፣ ምክር ቤቱ ራሱ ከፈቀደ ምክር ቤቱን ማስበተን ይችላል። በጣምራ የቆመ መንግሥት ፈርሶ አብላጫውን ካጣ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹን ይጋብዛል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ ካልመሠረቱ ምክር ቤቱ ይበተናል። ምርጫው በስድስት ወር ውስጥ መካሄድ አለበት። እስከዚያ አገሪቱን የሚመራው ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ወይም ጣምራ ነው። የዕለት ተዕለት ሥራ ይሠራል፣ ምርጫ ያካሂዳል። አዲስ አዋጅና ደንብ ማውጣት ግን አይችልም። የነበረውን ሕግም አይሽርም፣ አያሻሽልም።

እኛ አገር ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲገፋ ከቀረቡት አራት አማራጮች አንዱ ምክር ቤቱን መበተን ነበር። የተመረጠው የሕገ መንግሥት ትርጓሜ ሆነ።

አንዲት ጎረቤቴ ልጃቸው ኮምቦልቻ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይህን ሳስረዳ ጀበናውን ቁጭ አድርገው «መምህር፣ ምክር ቤቱ ከተበተነ ደመወዙን ማን ሊያጸድቀው ነው?» አሉኝ። «አብሽሩ እትዬ፣ ደመወዝ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው» አልኳቸው። የቅሬያችንን፣ የእድራችንን ማለቴ ነው፣ ሹሞች አስቡ። ዘመናቸው አብቅቶ አዲስ እስኪመረጥ ድረስ መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ። ድንኳኑን ግን አይሸጡም። ቤልጂየሞች ለዚህ የሠሩት ዘዴ ደስ ይለኛል። በጀት ያልጸደቀላቸው እንደሆነ ያለፈውን ዓመት በጀት ለ12 ከፍለው የወር የወሩን ያወጣሉ። ደመወዝ አይቋረጥም፤ አዲስ ፕሮጀክትም አይጀመርም።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። ግሪኮች እንደኛ አይደሉም። መንግሥት መመሥረት ሲያቅታቸው፣ ፓርቲዎቹም በጋራ ካቢኔ ካልተስማሙ፣ ከሦስቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የአንዱ ፕሬዚዳንት ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ፓናዮቲስ ፒክራሜኖስ ተሰየሙ። በ2015 የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ቫሲሊኪ ታኑ ተሰየሙ፤ ለግሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ናቸው። በ2023 ደግሞ የኦዲት ፍርድ ቤቱ ዮአኒስ ሳርማስ። ሦስቱም ምርጫ አስደርገው ከአንድ ወር ገደማ በላይ ሳይቆዩ ወረዱ።

ይህን ሲሰማ «እኛም ዳኛ ይሁንልን» የሚል አይጠፋም። ባንግላዲሽን ሳታዩ አትቸኩሉ። እነሱ በ1996 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው፣ ጡረታ የወጣው የመጨረሻው ዋና ዳኛ ባለአደራውን እንዲመራ፣ ምርጫውም በ90 ቀን እንዲያልቅ ደነገጉ። በ2004 ገዢው ወገን የዳኞችን የጡረታ ዕድሜ ከ65 ወደ 67 አደረገው። ተቃዋሚዎቹ ወዲያው ነቁ፦ ወንበሩ የሚፈለገው ሰው እጅ እንዲገባ ነው አሉ። አገር ታመሰ፣ በጥር 2007 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ የ90 ቀኑ ባለአደራ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በ2011 ሕጉን ራሱን ሰረዙት። ዳኛን ባለአደራ ስታደርጉ ፖለቲከኛው ዳኛው ጡረታ የሚወጣበትን ቀን ማስላት ይጀምራል ማለት ነው።

ስለዚህ ቀኑን ጻፉ። ፓርላማው የተበተነበትን፣ ምርጫው የተቆረጠበትን፣ ሕጉ የሚፈቅደውን የመጨረሻ ቀን። ቀኑ ሲገፋ «ለምን» ብላችሁ ጠይቁ። መግፋት ሁሉ ተንኮል አይደለም፤ ቤልጂየም ከ2010 እ.ኤ.አ. ምርጫ በኋላ 541 ቀን በባለአደራ የቆየችው ፓርቲዎቹ መስማማት አቅቷቸው ነው። ምክንያቱ ግን በአደባባይ መነገር አለበት።

ከቀኑ ቀጥሎ ሦስት ነገር ተከታተሉ፦ ትልልቅ ሹመት፣ ትልልቅ ውል፣ አዲስ ፖሊሲ። አውስትራሊያ ውስጥ በምርጫ ሰሞን መንግሥት ከእነዚህ የሚቆጠበው በተለመደ ወግ ነው። ባለአደራው ሲያልፍ እነዚህ ይቀራሉ። የሃያ ዓመት ውል የፈረመ ባለአደራ ቢወርድም አልወረደም።

አንዳንዴ ግን ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። ሕንድ በ1991 እ.ኤ.አ. የውጭ ምንዛሪዋ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቻንድራ ሼካር በማርች ሥልጣን ለቀው ባለአደራ ሆነው ነው የቆዩት። ያም ሆኖ በዚያው በምርጫው ሰሞን 20 ቶን ወርቅ ወደ ስዊዘርላንድ ተልኮ ዶላር ተገኘበት። ይህን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚለው የለም። እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ምርጫ አይጠብቅም።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም የሚታየው ተቀናቃኙ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በግንቦት 1945 እ.ኤ.አ. የጦርነቱ ጣምራ መንግሥት ሲፈርስ ለሁለት ወር ባለአደራ ሆነው ነበር። ድምፅ የተሰጠው በጁላይ 5 ነው፤ በየግንባሩ ያለው ወታደር ድምፅ እስኪሰበሰብ ውጤቱ እስከ ጁላይ 26 ቆየ። በመካከሉ ከሶቪየቱ ስታሊንና ከአሜሪካው ትሩማን ጋር ጀርመን፣ ፖትስዳም ላይ ስብሰባ ነበረባቸው። ቸርችል ተቀናቃኛቸውን አትሊን ይዘው ሄዱ። ቆጠራው ሲያልቅ ያሸነፉት አትሊ ናቸው፤ ተመልሰው ሄደው ስብሰባውን የጨረሱትም እሳቸው።