የኩዊንን ክሊፖች በአንድ ምሽት ለማየት

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የኩዊን የክሊፕ ስብስብ እጃችሁ ከገባ የምታውቋትን ዘፈን ብቻ እየፈለጋችሁ አትዝለሉ። እኔ ለዓመታት ያደረግኩት እሱን ነው፤ ቲቪው ሳሎን ይጮሃል፣ እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ክሊፕ ማየት አይባልም ይሄ።

በተቀረጹበት ዓመት ደርድሯቸው። የመጀመሪያው ስብስብ በ1981 በቪዲዮ ካሴት ነው የወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ስብስቦቹ በዲቪዲ። ከውጭ ዘመድ ዲቪዲ የሚልክላችሁ ከሆነ ጀርባው ላይ ባለችው የሉል ምልክት ውስጥ ያለውን የአካባቢ ቁጥር እንዲያይላችሁ ንገሩት፤ 1 የአሜሪካ ነው፣ እኛ 5 ውስጥ ነን፣ 0 ከሆነ ግን የትም ይሠራል። ዲቪዲ ማጫወቻ የሌለው በዩቲዩብ ከባንዱ ቻናል ፕሌይሊስት ይሥራ።

ሌላው የቲቪው ነገር ነው። የድሮዎቹ ክሊፖች 4 በ3 ስለሆኑ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ተዉት! ስክሪኑን ልሙላ ብላችሁ ሪሞቱን ከነካካችሁ የባንዱ ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪ አጥሮና ወፍሮ ቁጭ ይላል።

በ1975ቱ «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ጀምሩ፣ ሁለት ጊዜ እዩት፣ ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍታችሁ። ባንዱ ለኮንሰርት ጉዞ እየተለማመደ ስለነበር እንግሊዝ ቲቪ ላይ በአካል ከመቅረብ ይልቅ ክሊፑን ልኮ ተገላገለ፤ የተቀረጸውም በአራት ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። የፍሬዲ ፊት እየተባዛ የሚሄደው በኮምፒውተር እንዳይመስላችሁ፣ ካሜራውን ራሱ የሚቀርጸውን ወደሚያሳየው ስክሪን አዙረው ነው። የክሊፕ ቻናሉ ኤምቲቪ ሥራ የጀመረው በ1981 መሆኑን አስቡት እንግዲህ።

«ዊ ዊል ሮክ ዩ» ላይ በረዶውን እዩ፤ የከበሮ መቺያቸው የሮጀር ቴይለር ግቢ ነው። «አንደር ፕሬሸር» ላይ ኩዊንም አብሯቸው የዘፈነው ዴቪድ ቦዊም የሉም፣ የሚፈርስ ሕንጻና የድሮ ፊልም ብቻ ነው፣ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም።

1984 ላይ ቆም በሉ። «ሬዲዮ ጋ ጋ» ውስጥ ከ1927ቱ «ሜትሮፖሊስ» ፊልም የተወሰዱ ምስሎች አሉ፣ እኔ ግን የማየው ጭብጨባውን ነው፤ ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ሁለቴ የሚያጨበጭበውን። በዓመቱ ሐምሌ ላይ የለንደኑን ዌምብሌ ስታዲየም የሞላው ሰው ያንኑ ጭብጨባ ደገመው፤ ላይቭ ኤይድ ላይ፣ በእኛው በ77ቱ ድርቅ ምክንያት በተዘጋጀው ኮንሰርት። ያንን ቅጂ ፈልጋችሁ ከክሊፑ ቀጥሎ አስገቡት። «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ» ላይ ቀሚስ ለብሰው ቤት የሚጠርጉት በእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ እየቀለዱ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ቀልዱ ብዙም አልተወደደላቸውም።

1991 ላይ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» ከቀድሞ ክሊፖች ተቆራርጦ የተገጣጠመ ስለሆነ ቀድሞ ይግባ። መጨረሻ ላይ «ዚዝ አር ዘ ደይስ ኦፍ አወር ላይቭስ»። ግንቦት ላይ ተቀረጸ፣ ፍሬዲ ኅዳር ላይ ሞተ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ያም ሆኖ ክሳቱ ይታያል፣ ከቆመበትም ብዙ አይንቀሳቀስም። መዝጊያው ላይ ካሜራውን አይቶ በሹክሹክታ ይሰናበታል።

ኦቶፕሌይን አስቀድማችሁ አጥፉ። እኔ ረስቼው ፍሬዲ ከስክሪኑ ወጥቶ ሳይጨርስ የሰርግ ዘፈን ተከተለብኝ።