የእንግሊዝ ምርጫ ውጤት ሲወጣ የሰዉን ጫጫታ እንዴት ታነቡታላችሁ

የእንግሊዝ ምርጫ ባለቀ ቁጥር ከአዲስ አበባ ስልክ ይደወላል፣ "ሰዉ ምን አለ? ተደሰተ?" ይሉኛል። እኔም "እንደየሰፈሩ ነው" ብዬ አልፈዋለሁ ግን እሱ መልስ አይደለም እኮ፣ ስለዚህ እንዴት እንደማነበው ልንገራችሁ። ምሳሌዬ የጁላይ 4 ቀን 2024ቱ ነው፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዙልኝ።

መጀመሪያ ሌሊቱን አምሹ። ድምፅ መስጫው በእንግሊዝ በነሱ አቆጣጠር 10 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋል፣ በዚያችው ደቂቃ ኤግዚት ፖል የሚሉት ይወጣል፣ ማለትም መርጠው ሲወጡ የተጠየቁ ሰዎች መልስ ላይ የተሰራ ግምት ነው። አቅጣጫውን ውሰዱ፣ የትንንሾቹን ፓርቲዎች ቁጥር ግን ለጠዋት አቆዩት፣ በ2024 ሪፎርም ለሚባለው የናይጀል ፋራጅ ፓርቲ 13 የፓርላማ ወንበር ተብሎ ያገኘው 5 ነው። ደግሞ ጨርሶ አትናቁት፣ በ2015 ሊበራል ዴሞክራቶች 10 ብቻ ያገኛሉ ሲባል የቀድሞ መሪያቸው ፓዲ አሽዳውን ይሄ እውነት ከሆነ ባርኔጣዬን እበላለሁ አለ በቲቪ፣ ሲነጋ ጭራሽ 8 ሆኖ አረፈው።

ከዛ ወረቀት አምጡና ወንበሩን በአንድ በኩል ድምፁን በሌላ በኩል ጻፉ፣ ይቺን ካልሰራችሁ የሰዉ ንዴት አይገባችሁም። አሸናፊው የስታርመር ፓርቲ ሌበር ከ650 ወንበር 411 ወሰደ፣ ድምፁ ግን 34 ከመቶ አይሞላም። ሪፎርም 14 ከመቶ አግኝቶ 5 ወንበር፣ ሊበራል ዴሞክራት 12 ከመቶ አግኝቶ 72 ወንበር! በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ ነዋ የሚገባው፣ ሪፎርም 98 ቦታ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ሁለተኛ ደግሞ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ለኛ አዲስ አይደለም፣ የሀገራችንም ምርጫ በዚሁ ህግ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ የተናደደ ሰው ስትሰሙ ድምፄ ተሰረቀ ነው ወይስ ህጉ በደለኝ ነው የሚለው ብላችሁ ለዩ፣ እንግሊዝ ውስጥ በብዛት የምትሰሙት ሁለተኛውን ነው። ወረቀቱ አዳራሽ ውስጥ በእጅ ይቆጠራል፣ ተወዳዳሪዎቹ ያያሉ፣ ውጤት ሲነበብ አሸናፊውም ተሸናፊውም አንድ መድረክ ላይ ይቆማሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሱናክ እንኳን ራሱ ላይ የቆሻሻ መጣያ የመሰለ ነገር ካጠለቀው ካውንት ቢንፌስ ከሚባል ቀልደኛ ተወዳዳሪ ጋር ነው የቆመው (ኧረ እውነቴን ነው)።

ቀጥሎ ደስታውን መርምሩት። የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲዋ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትራስ በ630 ድምፅ ወንበሯን ስታጣ ጠዋት ላይ ሲሳቅ ነበር፣ ያ ሳቅ ግን የሌበር ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ሌበር በ2019 በቀድሞ መሪው በኮርቢን ጊዜ 10 ሚሊዮን ከምናምን ድምፅ ይዞ ክፉኛ ተሸነፈ፣ በ2024 9.7 ሚሊዮን ይዞ ጠራርጎ አሸነፈ፣ በቃ ሰዉ ስልጣን ላይ የነበረውን ኮንሰርቫቲቭን ነው ያባረረው። ኮርቢን ራሱ ከፓርቲው ተባሮ ኢዝሊንግተን ኖርዝ ላይ በግሉ ተወዳድሮ አሸነፈ። ለመምረጥ ከተመዘገበው 10 ሰው 4ቱ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ አልሰጠም፣ ስለነዚህ ማንም አያወራም፣ እኔ ግን ዝም ያለውንም እንደ መልስ ነው የምቆጥረው።

ፔቲሽን (የፊርማ አቤቱታ) ሲመጣ ደግሞ አትደንግጡ። ኖቬምበር 2024 ላይ ምርጫው ይደገም የሚል ወጥቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመበት፣ ሀገር ተገለበጠ የተባለ ነበር የመሰለው። ግን 100,000 ካለፈ ፓርላማው ሊወያይበት ይችላል እንጂ ማንንም አያስገድድም፣ ጃንዋሪ ላይ ተወያዩበት አለቀ። ጥሩው ነገር የፓርላማው ሳይት ፊርማውን በየምርጫ ክልሉ ከፍሎ በካርታ ያሳያል፣ የፈረመው አካባቢ ቀድሞውንም ማንን እንደመረጠ አስተያዩና የተቀየረ ሰው መኖሩን ያኔ ትገምታላችሁ።

የኛን ሰውም ጠይቁ። ሆም ኦፊስ (የስደተኛ ጉዳይ የሚያየው መስሪያ ቤት) የጥገኝነት ኬዙ ያላለቀለት ልጅ መምረጥ አይችልም፣ ያን ጠዋት የጠየቀው "ሩዋንዳ ቀረ ወይ?" ብቻ ነው፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላክ እቅዱን ማለቱ ነው፣ ያኔ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ስታርመር ወዲያው እቅዱ ሞቶ የተቀበረ ነው ሲል ልጁ እፎይ አለ። እንዲህ ያለውን እፎይታ የትኛውም ኤግዚት ፖል አይዘውም።

በነጋታው ስራ ቦታ "ማንን መረጥክ?" ብላችሁ እንዳትጀምሩ፣ ደስ አይላቸውም። "ስንት ሰዓት ድረስ አመሸህ?" በሉ፣ የቀረውን ራሱ ይነግራችኋል።