ጡጦዋን ለመውረጃው አቆዩዋት

ባለፈው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስመጣ ከፊቴ ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። መንገዱ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጁ ሌሊቱን ለጥ ብሎ አደረ። ልናርፍ ስንል ግን ጩኸቱን አቀለጠው። ጡጦዋ ባዶ ናት፤ እናትየው ላብ በላብ ሆናለች። አንዱ ደግሞ ዞሮ ገላመጣት!

ነገሩ የጆሮ ነው። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ የሕፃን ጆሮ ደግሞ ቶሎ አይከፈትም። የሚከፍተው መዋጥ ነው። ስለዚህ ጡት ወይም ጡጦ ለዚያች ሰዓት ይቆይ። መውረድ የሚጀመረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ስለሆነ፣ መሬት እስኪታይ አትጠብቁ። ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሱት፤ የተኛ ልጅ ብዙም አይውጥም። ከፍ ላለው ልጅ ውሃ በስትሮ ይበቃዋል።

የፊቱን ወንበር የሚረግጥ ልጅ ካላችሁ ጫማውን አውልቁለት፤ ቢያንስ ምቱ ይቀላል። የሚረገጠው ሰው ደግሞ ልጁን ከሚያፈጥበት ለወላጁ ቢናገር ይሻላል፦ «ይቅርታ እህቴ፣ ወንበሬን እየመታ ነው» በቂ ነው። ምግብ ሲመጣ ወንበራችሁን ቀና አድርጉ፤ ከኋላ ያለው ሰው ወጡን ደረቱ ላይ አድርጎ አይብላ።

እኛ አገር ጥሩ ልማድ አለ። የዚያን ቀን አንዲት እናት ከማዶ ተነስተው፣ «አምጪው የኔ ልጅ፣ እስቲ ፊትሽን ታጠቢ» ብለው ተቀበሏት።