ከሥራ ፈጠራ ሥልጠና ሰርተፊኬት ብቻ ይዞ ላለመውጣት

ሥልጠና ገብቶ፣ አበል ተቀብሎ፣ ሰርተፊኬት ይዞ የወጣ ሞልቷል። ሱቅ የከፈተው ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ሥልጠናውን ለዩ። የዓለም ሥራ ድርጅት ያዘጋጀው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ሐሳብ ለሚፈልግ፣ ለጀማሪ፣ ለሚያሻሽልና ለሚያስፋፋ ለየብቻ። ኤምፕሬቴክ የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 አርጀንቲና ውስጥ የተጀመረ ነው። 6 ቀን ይፈጃል፤ የሚያተኩረውም ጠባይ ላይ ነው። እኛ አገር የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት በዚሁ መንገድ ያሠለጥናል።

ቀጥሎ፣ ሥልጠናው ላይ ጨዋታ ሲመጣ «የልጅ ነገር» ብላችሁ አትናቁ። ቀለበት ውርወራን እንይ። እንጨት ይተከላል፤ የምትቆሙበትን ርቀት ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። በራቃችሁ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። አንዱ አፍንጫው ሥር ይጥልና ሁለት ሦስት ነጥብ ይለቅማል። ሌላው ጉራውን ነፍቶ ከግድግዳው ሥር ይወረውራል፣ ይስታል፣ አሁንም እዚያው ቆሞ ይወረውራል። ሦስተኛዋ አንዴ ስታ ግማሽ እርምጃ ጠጋ ትላለች። ብድር ስትጠይቁ ከሦስቱ የትኛውን እንደምትሆኑ ከዚህ ጨዋታ ይታወቃችኋል።

ሦስተኛው ሒሳብ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የድንች ቺፕስ ልትሸጡ ነው እንበል። ድንች 200 ብር፣ ዘይት 300፣ ከሰል 60፣ ላስቲክ 50፣ ታክሲ 40። ድምሩ 650 ብር። 50 ላስቲክ ቺፕስ ከወጣው አንዱ 13 ብር ፈጀ ማለት ነው። በ15 ስትሸጡት «አተረፍኩ» ትላላችሁ። ያገኛችሁት ግን 100 ብር ነው፤ ስትልጡና ስትጠብሱ የዋላችሁበት ቀን ደግሞ ገና አልተከፈለም። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የራሳችሁን የቀን ደመወዝ እዚያው ሒሳብ ውስጥ ክተቱ። ዋጋው አልሸጥ ካለም ዕቃውን ቀይሩ እንጂ ጉልበታችሁን በነፃ አትስጡ።

አራተኛ፣ ሥልጠናው ሳያልቅ የሆነ ነገር ሽጡ። ዘመድ ላይ አይደለም፤ ዘመድ «ጎበዝ» ብሎ ይገዛል፣ ሁለተኛ አይመለስም። የማያውቃችሁ ሰው ሳይገዛ ሲያልፍ ግን ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

የንግድ ፈቃድና የቲን ቁጥር ሰዎች እንደሚፈሩት ከባድ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ይደርሳል። የቤትና የሱቅ ገንዘብን ግን ከመጀመሪያው ቀን ለዩ። ዕቁብም ከደመወዛችሁ ነው የሚጣለው፣ ከሱቁ መሳቢያ አይደለም።

ስትወጡ የአሠልጣኙን ስልክ ተቀበሉ። ሦስተኛው ወር ላይ ዱቤው ሲበዛ የምትደውሉት ለእሱ ነው።