የድሮ ኢንዲጎ ጨርቅ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል

በኢንዲጎ (ጠቆር ያለ ሰማያዊ የጨርቅ ማቅለሚያ) የተነከረ የድሮ የእጅ ሥራ ጨርቅ ሣጥን ውስጥ አጣጥፋችሁ ያስቀመጣችሁ፣ እጥፋቱ ላይ ነጣ ያለ መስመር እያወጣ ነው አይደል? ደሴ ፒያሳ ጨርቅ ሻጮች ጋ ጎራ በሉና ጣቃ የሚጠቀለልበትን ባዶ የካርቶን ቱቦ ጠይቁ (አብዛኛውን ጊዜ የሚጣል ነው)። ቱቦውን በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ሸፍኑት፣ ጨርቁን ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉበት፣ ከላይም አቡጀዲ ደርቡ። ኢንዲጎ ወደ ክሩ እምብርት ብዙም አይዘልቅም፤ ከላይ ከላይ ተደራርቦ ነው የሚይዘው። እጥፋቱ ሲፋተግ የሚላጠውም ለዚህ ነው። ቀለም በጨውና በኮምጣጤ ይጸናል የሚባለው ለኢንዲጎ አይሠራም፤ በረኪና ደግሞ ጭራሽ ያጠፋዋል። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ በደሴ ክረምት ይሻግታል። ዶቃ ወይም ወፍራም ጥልፍ ያለበት ከሆነ ግን አይጠቅለል፤ ተዘርግቶ ይቀመጥ።