ከሃርት አታክ በኋላ ዕፅዋትና ስቴም ሴል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነርሷ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ትላለች። ታካሚው አስፕሪኑን፣ የኮሌስትሮሉን፣ የግፊቱን ይቆጥራል። ጠዋት ጠዋት አፍልቶ የሚጠጣውን ቅጠል ግን አያነሳም። ደብቆ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ያ «መድኃኒት» አይባልም።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ዝምታ ነው። ለእኔ ከሁሉም የከፋውም እሱ ነው። ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የገባለት ሰው ብዙውን ጊዜ አስፕሪንን ከክሎፒዶግሬል ወይም ከቲካግሬሎር ጋር ለ1 ዓመት ያህል ይወስዳል። ሁለቱም ደም እንዳይረጋ ይከላከላሉ። በዚያ ላይ ጊንኮ የሚባለው ቅጠል ወይም የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሲጨመር የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ዳንሸን የሚባለው የቻይና ሥር ደግሞ ዋርፋሪን የሚባለውን ሌላ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ኃይል ያበረታል። ይሄ በተለይ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) ለሚሰጠው ሰው ያሳስባል፦ ለዚህ ሕክምና ብዙ ጊዜ መቅኔ በመርፌ ከዳሌ አጥንት ይቀዳል፤ ከዚያ ሴሎቹ በቀጭን ቱቦ በደም ሥር በኩል ወደ ልብ ይላካሉ። ደሙ አልቆም ቢል ሐኪሙ ሰበቡን ከየት ያምጣው? የቅጠሉን ፌስታል ሳያፍሩ ይዘውት ይሂዱ።

ሁለተኛው፣ «ቅጠሉ ተስማምቶኛል» ብሎ ክኒኑን መተው። ስቴንት ውስጥ ደም ከረጋ ሌላ ሃርት አታክ ነው።

ሦስተኛው፣ የዕፅዋት ጉዳት መድማት ብቻ ይመስለናል። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለው ተክል በተቃራኒው ዋርፋሪንንና አንዳንድ ስታቲን የሚባሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው በማድረግ ያዳክማቸዋል። ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ሲበዛ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ግፊት ይጨምራል፤ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል። ከቀይ እርሾ ሩዝ የሚሠራው እንክብል ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ደግሞ ሎቫስታቲን የሚባለው ስታቲን ራሱ ነው። ከሐኪሙ ስታቲን ጋር ሲደረብ ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል።

አራተኛው፣ ስቴም ሴል የሞተውን የልብ ጡንቻ መልሶ ያበቅላል ብሎ ማመን። የተወጉት ሴሎች አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ይጠፋሉ። ባሚ የተባለው የአውሮፓ ጥናት 3,000 ሰው ሊያሳትፍ አቅዶ 375 ብቻ አገኘ፤ በ2020 ውጤቱ ሲወጣም ሕክምናው ሞት መቀነሱን ማሳየት አልቻለም። በ2018 ደግሞ ሃርቫርድ፣ ልብ በስቴም ሴል ይታደሳል ይል ከነበረ አንድ ላቦራቶሪ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቀ። ስለዚህ «ያድናል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ክሊኒክ ካጋጠመዎት፣ የተመዘገበ ጥናት መሆኑን ይጠይቁ።

የመጨረሻው የሂሳብ ስህተት ነው፦ ይሄ ይጠቅማል፣ ያም ይጠቅማል፣ ሁለቱ ሲደመሩ እጥፍ ይጠቅማሉ። ቶንግሺንሉዎ የሚባለውን የቻይና መድኃኒት ብዙዎች ይጠቅሳሉ። (ዕፅዋት ቢባልም ጊንጥና አልቅት አለበት።) በ2023 በወጣ ጥናት፣ ሃርት አታክ ካጋጠማቸው 3,777 ታካሚዎች መካከል በወሰዱት ላይ ከባድ ችግር በ30 ቀን ውስጥ 3.4 በመቶ፣ ባልወሰዱት ላይ 5.2 በመቶ ታየ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን የተሰጠው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ነው፤ ስቴም ሴልም አልነበረበትም። ከስቴም ሴል ጋር ተጣምሮ የተሞከረው በአሳማ ላይ ነው።

የስቴም ሴል ሕክምና ቀጠሮ ካለዎት ቅጠሉን መቼ እንደሚያቆሙ አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የውስጥ መድማት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።